ከመኝታ በፊት ሦስት ዙር

ትንሿ ልጅ ጥርሷን የወንድሟ ጆሮ ላይ ተክላ ተንጠልጥላለች። ልጁ እየጮኸ ይሽከረከራል፤ እሷም እንደ ልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ሙጭጭ ብላ አብራው ትዞራለች። እግሯ መሬት ከነካ ቆይቷል።

"ልቀቂው! ጆሮ ክልክል ነው!" አለ አባቷ ፍራሹ ዳር ተንበርክኮ። "ከአንገት በታች ብዬ አልነበረም? ዳኛ ሲናገር ይሰማል!"

"እም እም" አለች። አፏ ሙሉ ነው።

አባትየው የድስት ክዳኑን በማንኪያ ደበደበ። ክዳኑ ደወል ነው። ደወል ሲመታ ዙር ያልቃል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሕጉን የሚያከብር ግን እዚያ ቤት ከክዳኑ በቀር ማንም አልነበረም። ልጁ መሽከርከር ሲሰለቸው ወደ ኋላ ተንደርድሮ እህቱን ከግድግዳው ጋር አላተማት። የሠርጉ ፎቶ ወደቀ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ ከታች የሚኖሩት እማማ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይነርቱት ጀመር። ትንሿ አፏን የከፈተችው የዚያን ጊዜ ነው፤ እሱንም ለመሳቅ።

"ጎበዝ!" አለ አባትየው። ጥሩ ምት ሲያይ አፉ አያስችለውም። "አየሽ እንዴት እንዳላተመሽ? ጎበዝ የኔ ዶዘር!"

ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። ዶዘር የተባለው ሲሄድ መንገዱ ላይ ያገኘውን ዕቃ ስለማይዞር ነው፤ አፍርሶት ያልፋል። እህቱ አራት ዓመቷ ነው፤ ካውያ ይሏታል፤ የነካችው ሰው ሁሉ እንደተቃጠለ ስለሚጮህ። አባታቸው ደግሞ ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦ ወደ ድሮ መልኩ የሚመልስ። ሰፈሩ መዶሻ ይለዋል። አንድ ቀን አስነጥሶ የሰው መኪና በር አጎደጎደ፣ ከዚያ እሱኑ በር አቃንቶ ለባለቤቱ "በነፃ ነው" አለው፣ ባለቤቱም አመስግኖት ሄደ ተብሎ ይወራል። በሩን ያዩ ሰዎች አሉ።

መዶሻ ከጋራዥ ቤት የሚገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ በሩ ሥር ተኮልኩለው ይጠብቁታል። "ሳይደክማቸው አይተኙም" የሚል የራሱ ሳይንስ ስላለው ፍራሽ መሀል ቤት አንጥፎ ያፋልማቸዋል። ሦስት ዙር ነው የተባለው። ሦስተኛው ዙር ግን አያልቅም፤ አንዱ ሲሸነፍ "ይደገም!" ይላል፣ ይደገማል። እንቅልፍ እዚያ ቤት ደጃፍ ድረስ ይመጣና ጩኸቱን ሰምቶ "እኔ እዚህ አልገባም" ብሎ ደረጃውን ይወርዳል። ጠዋት ልጆቹ ከአልጋ የሚነሱት እንደ ሬሳ ነው፤ አንድ ሰው ብብታቸውን፣ አንድ ሰው እግራቸውን ይዞ።

እናትየው ከጓዳ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ውላ፣ አሁን ደግሞ መጥበሻ ይዛ ነው። የረገፈውን መስታወት አየች። የልጇን ጆሮ አየች።

"በቃ" አለች።

"አንድ ዙር ነው የቀራቸው።"

"ጆሮው እየደማ እኮ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም?"

"ጭረት ናት። ዶዘር፣ ያምሃል?"

"አያመኝም!" አለ ልጁ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ።

"ይኸው!"

እናትየው መጥበሻውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ዛሬ አስተማሪያቸው አስጠርታኝ ነበር። ካውያ የአንዱን ልጅ ጉንጭ ነክሳ አልለቅም ብላ በስንት መከራ አላቀቋት። ዶዘር ደግሞ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ሲያንኮራፋ የቀሰቀሰችውን ልጅ አፍንጫዋን በቡጢ አለላት። 'እነዚህ ልጆች እንቅልፍ የላቸውም እኮ፤ ማታ ምን ሲሠሩ ነው የሚያመሹት?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ምን ልበላት? አባታቸው ሲያዋጋቸው ልበላት? ቴሌቪዥን ሲያዩ ነው አልኳት። ስለ አንተ ብዬ ዋሸሁ!" ልጆቹን አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ብብቷ አደረገች። "ስማኝ። ከነገ ጀምሮ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። በጊዜ እራት፣ ገላ መታጠብ፣ ተረት፣ ከዚያ መኝታ።"

"አንድ ሰዓት ተኩል? እኔ ሁለት ሰዓት አይደል እንዴ የምገባው?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ መቼ ላያቸው ነው? ስወጣ ተኝተው፣ ስገባ ተኝተው?"

"በጊዜ ከተኙ በጊዜ ይነሳሉ። ጠዋት ታያቸዋለህ፤ ቁርስ አብረሃቸው ትበላለህ።"

"እነዚህ? ጠዋት? ጆሯቸው ሥር መድፍ ብትተኩሺ ይገላበጣሉ እንጂ አይነሱም!"

"ስለሚያመሹ ነዋ!"

መዶሻ የገዛ አባቱ ትዝ አለው። አባቱ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ልጅ ሳለ አባቱን የሚያውቀው በጀርባው ነው፤ ቀን ቀን ወደ ግድግዳው ዞሮ በሚተኛ፣ ኮት እንደተጣለበት ማሳ በሚሰፋ ጀርባ። "ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል" እየተባለ አደገ። አባቱ የሞተ ቀን ፊቱን ገልጠው ሲያሳዩት "የሌላ ሰው አስከሬን ነው ያመጣችሁት" ሊላቸው ምንም አልቀረው። የኔ ልጆች ፊቴን ያውቁታል ብሎ የማለው ያን ቀን ነው። ፍልሚያው ደግሞ ለዚህ ተመቸው፤ ልጆቹ አንድ ምት ባሳረፉ ቁጥር ቀና ብለው የሚያዩት የእሱን ፊት ነው።

"አልስማማም" አለ።

"እንግዲያው ወንድሜ መጥቶ ይዳኘን።"

"ማን? ተሳቢ? ይምጣ! ያ ወፍራም ይምጣና እሱንም አንድ ዙር አስገባዋለሁ!"

በማግስቱ የሆነው ይኸው ነው፤ አንድ ዙር አስገባው።

የሚስቱ ወንድም የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ተሳቢ የሚሉት በሆዱ ምክንያት ነው፤ የሌላው መኪና ተሳቢ ከኋላ ይቀጠላል፣ የእሱ ከፊት። መዶሻ ሲገባ ሶፋውን ብቻውን ሞልቶ ተቀምጦ ነበር። ፍራሹ ተነሥቷል። የድስት ክዳኑ ድስቱ ላይ ተከድኗል። የልጆቹ ክፍል ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቷል። ከውስጥ ግን ሹክሹክታ ይሰማል።

መዶሻ የመሣሪያ ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀመጠ። ጋራዡ ሌባ ስለሚበዛበት መዶሻዎቹን ሁሌም ቤት ያሳድራል።

"አስተኛሻቸው?" አለ ሚስቱን።

"አስተኛኋቸው።"

"እህቴ ልክ ናት" አለ ተሳቢ። "ልጅ በጊዜ ይተኛል። ዶሮ እንኳን በጊዜ ይተኛል።"

"አንተ ስለ ልጅ ምን ታውቃለህ? ያለህ ጎማ ብቻ ነው።"

"ጎማዬ ካንተ ልጆች የተሻለ ጠባይ አለው። አይናከስም።"

"ልጆቼን ከጎማ ጋር?"

"አንተ አይደለህ ያመጣኸው! አሁን ቁጭ በልና እንነጋገር፤ አለዚያ እንደ መኪናዬ በር ታደርጋቸዋለህ።"

ተሳቢ ይህን ባያነሣ ጥሩ ነበር። የመኪናውን በር ያቃናው መዶሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሩ በእርግጫ ካልሆነ አይከፈትም። ተሳቢ በየአገሩ፣ በየነዳጅ ማደያው፣ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ሳይቀር በሩን በረገጠ ቁጥር የአማቹን ስም ያነሣል፤ ሲያነሣ ደግሞ ለብቻው አያነሣውም።

"በሩ ጤነኛ ነው! አከፋፈቱን የማታውቅ አንተ ነህ!"

"ሰው በር በእግሩ ነው የሚከፍተው?"

"አንተ ሰው ነህ እንዴ?"

ማን ቀድሞ እንደመታ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ተሳቢ ከሶፋው ሲነሣ ሶፋው አብሮት ተነሣ፤ ይህን ሁለቱም ያምናሉ። መዶሻ በቡጢ ሆዱን አለው፤ ክንዱ እስከ ክርን ጠልቆ ሲመለስ የእጅ ሰዓቱ እዚያው ሆዱ ውስጥ የቀረ መስሎት አንጓውን አየ። በዚያች ቅጽበት ተሳቢ በግንባሩ አፍንጫውን ገጨው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ደም አገጩ ላይ ወረደ፣ ሸሚዙ ላይ ወረደ፣ የታጠበው ወለል ላይ ተንጠባጠበ።

"ኧረ በልጆቹ! ኧረ በፈጠራችሁ!" እናትየው መሀል ገባች፤ ተገፍትራ ወጣች፤ እንደገና ገባች።

መዶሻ ወንበር አነሣ። ወንበሩ ተሳቢ ትከሻ ላይ እግር እግሩ ተበታተነ። ተሳቢ ጉሮሮውን አንቆ ከበሩ ጋር አጣበቀው፤ መዶሻ አውራ ጣቱን ዓይኑ ውስጥ ከተተበት። ተያይዘው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ፤ ጠረጴዛው አንድ እግሩ ተሰብሮ አዘነበለ። ከላዩ የረገፈው የብርጭቆ ስባሪ በጀርባቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። አሁን ጨዋታ የለም፤ ስድብም የለም፤ የሚሰማው ትንፋሽና የሥጋ ድምፅ ብቻ ነው።

ያኔ ክዳኑ ተደወለ።

ካውያ በሌሊት ልብሷ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ፊቷ በደስታ በርቷል። "ዙር አንድ!" አለች። ማንኪያዋን ደግማ አነሣች። "አጎቴ ከአንገት በታች!"

ዶዘርም ወጥቷል። አባቱ ከታች ሆኖ ሲታነቅ አየ። ከበሩ ሥር ቦርሳውን ከፈተና ትልቁን መዶሻ በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣ። ከዚያ አባቱ እንዳስተማረው እግሩን ከፈተ፣ ወገቡን አዞረ፣ ከትከሻው ሰነዘረ። የአጎቱን ጉልበት ነበር ያለመው። ተሳቢ ግን ተገላበጠ፤ መዶሻው እሱን ስቶ ያዘነበለው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አረፈ። ጠርዙ ላይ የእናቱ እጅ ነበር። ሁለቱን ለማላቀቅ ተደግፋ ነበር።

ድምፁ ትንሽ ነው። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት።

እናትየው ወዲያው አልጮኸችም። እጇን አንሥታ አየችው፤ ጣቶቿ የእሷ ያልሆኑ ይመስል ወደ ሌላ አቅጣጫ ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ጮኸች፤ ከዚያ ጩኸት በኋላ ከታች መጥረጊያው እንኳን ዝም አለ።

ዶዘር እናቱን አላያትም። አባቱን ነበር የሚያየው። መዶሻውን መሬት አስደግፎ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቀና ብሎ ይጠብቃል። ጥሩ ምት ነበር። ያውቀዋል።

የመዶሻ አፍ ተከፍቷል። በደም በተሞላው አፉ ውስጥ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እጁን አፉ ላይ ጭኖ መለሰው።

"አባዬ?" አለ ልጁ። "አልነካሁትም እንዴ?"

የታችኛዋ እማማ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ሊሳደቡ ወጥተው ነበር። በሩን ሲከፍቱ ያዩት ስድባቸውን አስጣላቸው። "በሉ ልጆቹን ስጡኝና ወደ ሐኪም ሩጡ" አሉ። "ካውያ፣ ነይ። ከነከስሽኝ ግን እኔም ጥርስ አለኝ፤ ጥቂት ነው እንጂ አለኝ።"

ከባዱ መኪና ደጅ ቆሞ ነበር። ተሳቢ በሩን በእርግጫ ከፈተ። የዛሬን ግን አልተሳደበም። ሦስቱም ጋቢናው ውስጥ ተጣበው ተቀመጡ፤ እናትየው መሀል፣ እጇ በፎጣ ተጠቅልሎ። በየጉድጓዱ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች። 

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው፤ አንዱ አፍንጫው ጠሟል፣ አንዱ ዓይኑ እንደ ቲማቲም አብጧል፣ አንዷ ፎጣ ታቅፋለች።

"ይቅርታ፣ ማንኛችሁ ነው ታማሚው?"

"እሷ" አሉ ሁለቱ ወንዶች እኩል።

"እናንተስ?"

"እኛ አስታማሚዎች ነን" አለ ተሳቢ።

የእናትየው አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ጄሶ አድርገውላት አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ተሳቢ መድኃኒት ሊያመጣ ሲሄድ መዶሻ አጠገቧ ተቀመጠ። አፍንጫው ውስጥ ጥጥ አለ፤ ሲናገር የሌላ ሰው ድምፅ ይወጣዋል።

"እኔን ይስበረኝ" አለ።

እሷ ግድግዳውን እያየች ነበር። "ከትከሻው ነው የመታኝ" አለች። "እግሩን ከፍቶ፣ ወገቡን አዙሮ። ልክ እንዳሳየኸው።"

"እባክሽ…"

"ከዚያ ደግሞ ያየው አንተን ነው። እኔ እየጮህኩ፣ እሱ አንተን ነው የሚያየው።" ጄሶውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "'ጎበዝ' ልትለው ነበር አይደል?"

መዶሻ ጫማውን አየ። "አፌ ላይ ነበር" አለ።

በማግስቱ ጋራዥ ገባ። የተጋጨ ፓራፋንጎ፣ የጎማ መከለያ፣ ነበረው፤ ቀላል ሥራ፣ እንደ እሱ ላለ ሰው የሻይ ሰዓት ሥራ። ከኋላው ድጋፍ አስገብቶ ይቀጠቅጥ ጀመር። ቢመታው ቢመታው እሺ አላለውም፤ እልህ ያዘው፤ እንደገና መታው። ክንዱ እስኪዝል፣ ያበጠው ፊቱ በየምቱ እስኪነዝረው መታው። በመጨረሻ ላሜራው ጣ ብሎ ከዳር እስከ መሀል ተሰነጠቀ።

የጋራዡ ባለቤት ከቢሮው ብቅ አለ። "ምን ነካህ አንተ? ጀማሪ ሆንክ እንዴ? ላሜራ ብዙ ሲመታ ይለሰልሳል ያለህ ማነው?"

"ማንም" አለ መዶሻ።

ይህን ለሰው ሲያስተምር የኖረው ራሱ ነው። ላሜራ በተመታ ቁጥር ይደነድናል፤ ከደነደነ በኋላ አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። የሚለሰልሰው ሲተዉት ነው፤ አሙቀው ዝም ሲሉት። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ቦርሳውን የባለቤቱ ቢሮ ውስጥ፣ ከቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለው።

"ቤት አትወስደውም?"

"እዚሁ ይደር።"

ቀደም ብሎ ወጣ። አሯሯጡን ያየ ሰው ፖሊስ እየተከተለው ነው ይል ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ አንድ ሰዓት ተኩል አልሞላም። ሳይተኙ ደርሶባቸዋል። ገብቶ ያያቸዋል፤ ምንም አይልም፤ ፍራሽ አያነጥፍም፤ አንዴ ብቻ ፊታቸውን አይቶ ይወጣል። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተተ።

"ቁልፍ!" አለች ካውያ ከውስጥ። "አባዬ መጣ! ክዳኑን አምጣ!"

የአልጋ ሽቦ ተንጫጫ። አንድ ሰው ዘለለ። መዶሻ ቁልፉን ሳያዞር እንደያዘው ቀረ።

"ማንም አልመጣም" አለች እናትየው። ድምፁን ሰምታዋለች፤ የእሱን ቁልፍ ከሺ ቁልፍ መሀል ትለየዋለች። "ነፋስ ነው። ተመለሺ። ዶዘር፣ አንተም ብርድ ልብሱን ልበስ፤ እኔ በአንድ እጅ አልችልም።"

የአልጋው ሽቦ እንደገና ተንጫጫ።

"እማዬ፣ እጅሽ ነገ ይድናል?" አለ ልጁ።

"ነገ አይድንም። ይድናል ግን።"

"አባዬ ሲመጣ ዙር አለ?"

"የለም። ከእንግዲህ ዙር የለም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

መዶሻ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። ጥጥ የተጎሰረው አፍንጫው በሩን ሲነካ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፍንጫው ነው። ክንዱ፣ ያ ሰፈር የሚያወራለት ክንዱ፣ ቁልፉን ለማዞር አንዲት ጣት ትበቃው ነበር።

"ጠዋት ልትነሱ ነው" አለች እናትየው ከውስጥ፣ ድምፅዋን ወደ በሩ አዙራ። "ጠዋት ስትነሱ እሱ ቁርስ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሳይሄድ።"

"ከዋሸሽስ?" አለች ካውያ።

"ከዋሸሁ ንከሽኝ።"

መዶሻ ቁልፉን አወጣ። እንደ ሌባ፣ ጥርስ በጥርስ፣ እያንዳንዷ ቀጭ እንዳትል ትንፋሹን ይዞ አወጣው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ከታች በር ተከፈተ። እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ እያለከለኩ ወጡ።

"ምን ሆናችኋል?" አሉ ከላይ እስከ ታች እያዩት። "ድምፃችሁን ስታጠፉብኝ እኮ እርስ በርስ ተገዳድላችሁ ያለቃችሁ መስሎኝ ነው! ልቤ ቀጥ ልትል ነበር! ቁልፍ ጠፋብህ?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ግባ እንጂ! በሩን ላንኳኳልህ?" መጥረጊያቸውን ወደ በሩ አነሡ።

መዶሻ ተነሥቶ የመጥረጊያውን እንጨት በመዳፉ ያዘው፤ የሌላ እጁን ጣት ያበጠ ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ቀስ ይበሉ እማማ" አለ በሹክሹክታ። "ልጆች እያስተኛን ነው።"